ሬዲዮናችን ለማን ይናገር? የአድማጭ ሐቅና የአድማጭ ኃላፊነት

በሻዕባን 1435 ዓ.ሂ. (ሰኔ 2006 ዓ.ም.) በመግሪብና በኢሻእ መካከል ለጀመዓ የቀረበ ንግግር



ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ዛሬ ከእናንተ ጋር ልንነጋገርበት የመጣነው ጉዳይ ስለ ሬዲዮ ነው። ለአንዳንዶቻችን ትንሽ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ላለፉት ሳምንታት በየመስጂዱ ደጃፍ፣ በየሱቁና በየባጃጁ ውስጥ የምንሰማው ቅሬታ ይኸው ስለሆነ፣ ቅሬታው ሐሜት ሆኖ ከሚቀር በሥርዓቱ ብንመካከርበት ይሻላል ብለን ተነስተናል። እኛ የመድረሳ አስተማሪዎች ነን። የሬዲዮ ሙያ የለንም። ግን እንደማንኛችሁም አድማጮች ነን፤ አድማጭም በጉዳዩ ላይ ሐቅ አለው።

መጀመሪያ የሆነውን እንናገር። የከተማችን ጣቢያ ከግንቦት ወር መግቢያ ጀምሮ የፕሮግራም ለውጥ አድርጓል። ቀድሞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል የአካባቢ ማስታወቂያ ይነበብ ነበር። ማን እንደሞተ፣ ቀብሩ የትና ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ የጠፋ ልጅ፣ የጠፋች ላም፣ ውሃ የሚቋረጥበት ሰፈር፣ የክትባት ቀን፣ የገበያ ዋጋ ይነገር ነበር። አሁን በዚያ ሰዓት የአየር ሰዓት የገዙ አዘጋጆች ሙዚቃና የውጭ ኳስ ወሬ ያሰማሉ። ማስታወቂያው ከሰዓት በኋላ ወደ 9 ሰዓት ተወስዷል። በ9 ሰዓት ገበሬው ማሳ ላይ ነው፣ ነጋዴው ገበያ ላይ ነው፣ እናቶች ሥራ ላይ ናቸው። በረመዷን ምሽት ይሰጥ የነበረው አጭር ፕሮግራምም ዘንድሮ ይኑር አይኑር እስካሁን የተነገረ ነገር የለም።

ይህ ለምን እንደሚያሳስበን አንድ ምሳሌ እንንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በዚህ ወር መጀመሪያ ላይ ከከተማችን የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ከሚርቅ ቀበሌ ለሕክምና የመጣ ወንድማችን ሌሊት ላይ ሞተ። አላህ ይዘንለት። አብሮት የነበረው ልጁ ብቻ ነው። ቀድሞ ቢሆን ልጁ ንጋት ላይ ጣቢያው ደጅ ይደርሳል፣ በ1 ሰዓት ስሙ ከነአባቱና ከነቀበሌው ይነበባል፣ ቆላው ሁሉ ይሰማል፣ ለዙህር የቻለ ሁሉ ይደርሳል። ዘንድሮ ግን ማስታወቂያው የተነበበው በ9 ሰዓት ነው። ጀናዛው ከዙህር በኋላ ተሰግዶበት ተቀብሯል። ሬሳን ማቆየት ሥርዓታችን አይደለም። የሟች ታላቅ ወንድም የደረሱት ለዐስር ሶላት ነው፤ አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። ማንንም አልወቀሱም። ዱዓቸውን አድርገው ሲጨርሱ አጠገባቸው ወደነበሩት ዞር አሉና፣ "ሬዲዮው ተበላሽቷል እንዴ?" ብለው ጠየቁ። እኚህ አባት ጠዋት በ1 ሰዓት እንደ ልማዳቸው ሬዲዮናቸውን ከፍተው ነበር። የሰሙት ሙዚቃ ነው።

"ስልክ አለ አይደል?" የሚል አለ። አለ፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ኔትወርክ የማይደርስበት ሸለቆ ብዙ ነው። ስልኩን ለገበያ ቀን ከተማ መጥቶ ቻርጅ የሚያደርግ ብዙ ነው። ከዚህም በላይ፣ በስልክ የምንነግረው ቁጥሩን ለያዝነው ሰው ብቻ ነው። ሬዲዮ የሚነግረው ቁጥሩን ለማናውቀውም ጭምር ነው፦ ለሟች የድሮ ጓደኛ፣ አብሮ ለነገደው፣ ላበደረው፣ ለተበደረው። በሃይማኖታችን የሟች ዕዳ ቀላል ነገር አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጀናዛ ሲቀርብላቸው በሟቹ ላይ ዕዳ አለበት ወይ ብለው ይጠይቁ እንደነበር ኡለሞቻችን አስተምረውናል። እኛም ዛሬ ከጀናዛ ሶላት በፊት "ሐቅ ያለው ካለ ይናገር" እንላለን። ሐቅ ያለው ሰው ሞቱን ካልሰማ እንዴት ይናገራል? ይቅር ማለት የሚፈልገውስ እንዴት ይቅር ይላል? የጠዋቷ ግማሽ ሰዓት የያዘችው ይህን ሁሉ ነበር።

ሰውን መጥራት በእስልምና ትልቅ ቦታ ያለው ነገር ነው። ሙስሊሞች መዲና እንደገቡ ለሶላት በምን እንጠራራ ብለው ተመካክረዋል። ደወል ይሁን ያለ ነበር፣ ቀንደ መለከት ይሁን ያለ ነበር። በመጨረሻ የተመረጠው የሰው ድምፅ ነው። የአዛኑን ቃላት በሕልም ያዩት ዐብዱላህ ኢብን ዘይድ (ረ.ዐ.) ቢሆኑም፣ ለቢላል (ረ.ዐ.) እንዲያስተምሩ ታዘዙ፤ የቢላል ድምፅ ያማረና ርቆ የሚሰማ ነበርና። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ሕዝብ በምን እንደሚጠራ ሕዝቡ ይመካከርበታል። ሁለተኛ፣ የሚጠራው ድምፅ ሩቅ ያለው ሰው ዘንድ መድረስ አለበት። የሐበሻው ቢላል ልጆች ነን ስንል፣ ይህንንም አብረን ልንይዘው ይገባል።

አሁን ደግሞ ሬዲዮ በአገራችን እንዴት እንደተለወጠ ትንሽ እናስታውስ፤ ዛሬ የገጠመን ነገር አዲስ እንዳይመስለን።

የኢትዮጵያ ሬዲዮ ሥራ የጀመረው በ1927 ዓ.ም. አቃቂ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ጣቢያዎች ብዙ ጊዜ ስማቸውንም ይዘታቸውንም ቀይረዋል። በ1955 ዓ.ም. የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አዲስ አበባ ላይ የብሥራተ ወንጌል ድምፅ የሚባል ትልቅ ጣቢያ ከፍቶ ነበር። ከአማርኛ ሌላ በብዙ የአፍሪካና የእስያ ቋንቋዎች ያሰራጭ ነበር። የሃይማኖት ድርጅት ጣቢያ ቢሆንም ዜና፣ የጤናና የእርሻ ትምህርትም ነበረው። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው፤ ስሙም የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። ትናንት ሲያዳምጠው የነበረ ሰው ሬዲዮውን ሲከፍት በዚያው ሞገድ ሌላ ነገር ሰማ። አድማጩን የጠየቀው የለም።

በ1992 ዓ.ም. ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሲጀምር የሬዲዮ ወግ ተለወጠ። ከመግለጫ ይልቅ ጨዋታ፣ ሙዚቃ፣ የስልክ ውይይት መጣ። በ2000 ዓ.ም. ሸገር 102.1 የግል ጣቢያ ሆኖ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ሰው የራሱን ሕይወት በሬዲዮ መስማት ለመደ። ይህ ጥሩ ለውጥ ነበር። ታክሲ ውስጥ፣ ልብስ ሰፊው ዘንድ፣ ሱቅ ውስጥ ሬዲዮ እንደገና ወዳጅ ሆነ። እንግዲህ ለውጥ ሁሉ መጥፎ ነው አንልም። እኛ ራሳችን ልጅ ሳለን ትምህርት ቤት ውስጥ በሬዲዮ የተማርን ነን። መምህሩ ሬዲዮውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሲከፍት ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር። ለውጡ መጥፎ የሚሆነው የሚያዳምጠው ሰው ሳይጠየቅ ሲቀር፣ የሚጠቅመውም ነገር ሲወሰድበት ነው።

ታዲያ የእኛን ጣቢያ ማን ለወጠው? እዚህ ላይ ጥንቃቄ እንፈልጋለን። "ሆን ብለው ሙስሊሙን ለማግለል ነው" የሚል ወሬ ሰምተናል። ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ፣ ሳናውቅ ሰው ጎድተን እንዳንጸጸት ያስተምረናል። ስለዚህ አጣራን። ከመካከላችን ሦስት ሰዎች ሄደው ጣቢያውን ጠየቁ። በአክብሮት ተቀበሏቸው። የተሰጣቸው መልስ ይህ ነው፦ "የጠዋቱ ማስታወቂያ አድማጭ የለውም ብለን ነው። አንድም ሰው ስለዚያ ፕሮግራም ደውሎልን አያውቅም። ሙዚቃውና ስፖርቱ ግን ስልክና መልእክት ይዘንብበታል።"

ወንድሞችና እህቶች፣ እውነታቸውን ነው። ማንም ደውሎ አያውቅም። የሞት ማስታወቂያ የሰማ ሰው ስልክ አንስቶ "ፕሮግራማችሁ ደስ ይላል" አይልም። ነጠላውን ወይም ኩታውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ቀብር ይሄዳል። የጠፋች ላሙን ያገኘ ሰው ላሟን ይዞ ቤቱ ይገባል። የክትባት ቀን የሰማች እናት ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ጣቢያው የሚቆጥረው ስልክና መልእክት ብቻ ከሆነ እኚህ ሁሉ አልተቆጠሩም ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ያዳምጡ የነበሩት እንደሌሉ ሆነው ቀሩ።

የአሠራሩንም ነገር እንረዳላቸው። ጣቢያ ሠራተኛ አለው፣ መብራት ይከፍላል፣ ማሠራጫው ሲበላሽ ዕቃ ይገዛል። ገንዘቡ የሚመጣው ከማስታወቂያና ከአየር ሰዓት ሽያጭ ነው። አንድ አዘጋጅ ስፖንሰር ይዞ መጥቶ "ጠዋት ስጡኝ" ሲል፣ በሌላ በኩል ደግሞ ለጠዋቱ የሚከራከር ሰው ሲጠፋ፣ ሥራ አስኪያጁ ምን ያድርግ? ክፋት ሳይኖርበት የወሰነው ውሳኔ ሊሆን ይችላል። ውሳኔው ግን ሰው ጎድቷል። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ፍትሕ ነው፦ ሰውየውን አንጠላም፣ ውሳኔውን ግን ዝም ብለን አናልፍም።

ከዚህ በኋላ አንድ ነገር አደረግን። ደረሶቻችን እቤታቸው ሄደው አባትና እናታቸውን፣ አያታቸውን፣ ጎረቤታቸውን "ሬዲዮ ላይ ምን መስማት ትፈልጋላችሁ?" ብለው እንዲጠይቁና መልሱን እንዲያመጡልን አዘዝናቸው። ጎረቤት ስንል ክርስቲያኑንም ጨምረን ነው። ያመጡትን መልስ ተራ በተራ አነበብነው። የሚያስገርም ነገር አገኘንበት።

እኛ የጠበቅነው "ተጨማሪ ደዕዋ፣ ተጨማሪ ቁርኣን" የሚል መልስ ይበዛል ብለን ነበር። እሱም አለ። የበዛው ግን ሌላ ነው። እናቶች የሞትና የልቅሶ ማስታወቂያው በሰዓቱ ይመለስልን አሉ። ነጋዴዎችና ገበሬዎች የበርበሬ፣ የማሽላ፣ የፍየል ዋጋ በገበያ ቀን ጠዋት ይነገረን አሉ፤ ደላላ የነገራቸውን ብቻ ይዘው ስለሚሸጡ። ሽማግሌዎች "በቀስታ ይነበብልን፣ አሁን ያሉት ልጆች ይሮጣሉ" አሉ። ዓይናቸው የማያይ አንድ አባት "እኔ ጋዜጣም ቴሌቪዥንም የለኝም፤ ሬዲዮ ብቻ ነው ከሰው የሚያገናኘኝ። ስለ ሰፈሬ ካልነገረኝ ስለ ለንደን ቢነግረኝ ምን ይሠራልኛል?" ብለዋል። በዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ልጆቻቸው ያሉባቸው እናቶች፣ በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ብዙ ወገኖቻችን በተመለሱበት ጊዜ ምን እየሆነ እንዳለ የሚነግራቸው አጥተው እንደነበር አስታውሰው፣ ስለ ውጭ አገር ጉዞ ሕግና ስለ ተመላሾች የሚናገር ሰዓት ይኑር አሉ። ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የመጣው መልስም ከዚሁ አይለይም፦ ለቅሶ፣ ገበያ፣ ውሃ፣ መብራት።

ወጣቶቹ ደግሞ በግልጽ "ኳስ" አሉ። ደረሶቹ ይህን ሲያነቡልን አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ የምንቆጣ መስሏቸው። አልተቆጣንም። የእኛ ልጆች እንደ ሌላው ልጅ ይከታተላሉ። የኳሱን ወሬ ከሬዲዮ ይጥፋ ብለን ብንጠይቅ የራሳችንን ልጆች ድምፅ እየቆረጥን ነው። ለልጆቻችን የምንለው ሌላ ነው። ብዙዎቹ ጨዋታዎች የሚጀምሩት በእኛ ሰዓት ምሽትና ሌሊት ነው። ረመዷን ሲገባ የምሽቱ ጨዋታ ከኢፍጣር ቀጥሎ፣ በኢሻእና በተራዊሕ ላይ ይወድቃል። ሌሊት የተጀመረውን አይቶ የተኛ ልጅ ደግሞ ለሱሑርና ለፈጅር መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ልጆቻችን፣ ሶላታችሁን አስቀድሙ። ውጤቱን ጠዋት ትሰሙታላችሁ። ሶላቱ ግን ጊዜው ካለፈ አለፈ።

ስለ መንፈሳዊ ፕሮግራሙም መልሱ አንድ ዓይነት አልነበረም። በዒድ ሰሞን ብቻ የሚሰማው መንዙማ ዓመቱን በሙሉ ይሰማ ያለ አለ። ቁርኣን ይበቃኛል ያለ አለ። የኡለሞችን ታሪክ የጠየቀም አለ። በዚህ እንዳንጣላ። ሁሉም ግን የተስማሙበት አንድ ነገር አለ፦ ስለ እኛ ሲነገር በትክክል ይነገር። ስማችን በትክክል ይጠራ። የዒድ ቀን ከበሮ መትቶ ማለፍ ብቻ ሳይሆን፣ ዒድ ምን እንደሆነ፣ ዘካተል ፊጥር ለማን እንደሚሰጥ የሚያውቅ ሰው ቀርቦ ይናገር።

ከዚህ ተነስተን የምንጠይቀውን ከማቅረባችን በፊት የማንጠይቀውን እንናገር። ሬዲዮው መስጂድ ይሁን አንልም። በብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999 መሠረት የሃይማኖት ድርጅት የብሮድካስት ፈቃድ አይሰጠውም ነበር። ይህ ለእኛም፣ ለክርስቲያኑም እኩል ነበር። የሚከተለው ግን ግልጽ ነው፦ አማኙ ሕዝብ የራሱ ጣቢያ ከሌለው፣ ፈቃድ የተሰጠው ጣቢያ የሁሉም ጣቢያ መሆን አለበት። የሬዲዮ ሞገድ ውስን ሀብት ነው። የፈለገ ሁሉ ተነስቶ የሚከፍተው ሱቅ አይደለም። በዚህ ከተማ አንዱ ሞገድ ለአንዱ ሲሰጥ ሌላው ያንን ሞገድ ሊጠቀምበት አይችልም። ስለዚህ ሞገዱን የያዘ ሰው የጎረቤቶቹን ሁሉ አማና ይዟል።

ለራሳችን የማንወደውን ለጎረቤታችን አንጠይቅም። የኛ ማስታወቂያ ይመለስ፣ የእነሱ ይቅር አንልም። የጠዋቷ ግማሽ ሰዓት ስትመለስ የሐጂ እገሌም የአቶ እገሌም ሞት በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ክብር ይነበብ። በዚህ ከተማ ቀብርም ለቅሶም አብረን የኖርንበት ነው። የክርስቲያኑ ዕድር ለእኛ ድንኳን ያውሳል፣ የእኛው ለእነሱ ያውሳል።

እንግዲህ ጥያቄያችን አራት ነው።

አንደኛ፣ የአካባቢ ማስታወቂያው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይመለስ። ግማሽ ሰዓቱ ካልተቻለ ሩብ ሰዓት ይሁን። ስፖርቱና ሙዚቃው ከዚያ ቀጥሎ ይሁን። ሩብ ሰዓት ኳስን አይገድልም፤ ጀናዛን ግን ያደርሳል።

ሁለተኛ፣ የሞትና የጠፋ ሰው ማስታወቂያ ለድሃ በነፃ ወይም በዝቅተኛ ዋጋ ይነበብ። ከገጠር በሽተኛ ይዞ መጥቶ ሬሳ ይዞ የሚመለስ ሰው ኪሱ ባዶ ነው።

ሦስተኛ፣ በገበያ ቀን ጠዋት የዋና ዋና ሸቀጦች ዋጋ ይነገር።

አራተኛ፣ በረመዷን የኢፍጣርና የሱሑር ሰዓት በየቀኑ ይነገር፤ ለአንድ ወር ብቻ የሆነች አጭር የምሽት ፕሮግራም ትኑር፤ በጾሙና በበዓሉ ቀን ለክርስቲያን ወገኖቻችንም እንደዚሁ ይደረግ።

ይህን እንዴት እናቅርብ? ከዚህ በፊት እንደተነጋገርነው፣ መንገዳችን ሰላማዊና ሥርዓት ያለው ነው። ደብዳቤው ተረቋል። የሚፈርሙት የመስጂዶች ኮሚቴዎች ብቻ አይደሉም፤ የዕድር ዳኞችም፣ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም እንዲፈርሙ ጠይቀን እሺ ብለውናል። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይዘውት ይሄዳሉ። መልስ ካልተገኘ ፈቃዱን ለሚሰጠውና ለሚቆጣጠረው ባለሥልጣን በጽሑፍ እናመለክታለን። እስከዚያው ደግሞ እያንዳንዳችን ያልተቆጠርነው እንድንቆጠር እናድርግ። እናቶች፣ ልጆቻችሁን አስደውሉ። ገበሬ ወንድሞቻችን፣ ገበያ ስትመጡ ጣቢያው ደጅ ጎራ ብላችሁ "እኔ የጠዋቱን አዳምጥ ነበር፤ እንዲህ ጠቅሞኛል" በሉ። ያገኛችሁትን ላም ንገሯቸው። የደረሳችሁበትን ቀብር ንገሯቸው። የእናንተ ምስክርነት ከእኛ ደብዳቤ ይበልጣል።

የሚከለከለውንም እንናገር። ጋዜጠኞቹን መሳደብ፣ በስልክ ማስፈራራት፣ የሚያስነግሩ ነጋዴዎችን ሱቅ ማወክ ሐራም ነው፤ ጉዳያችንንም ያበላሻል። የቀጥታ ስርጭት ላይ ገብታችሁ ተራችሁን አግኝታችሁ ስትናገሩ በአጭሩ፣ በአኽላቅ ተናገሩ። የሌለ ነገር አትጨምሩ። ጣቢያው ያላደረገውን አድርጓል ያለ ሰው የሟቹንም ሐቅ ያጠፋል። ስለተሰማው ነገር ቅሬታ ካላችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተባለውን ቃል ጻፉ፤ "አንድ ቀን እንዲህ ብለው ነበር" የሚል አቤቱታ መልስ አያገኝም።

የእኛም ድርሻ አለ። ቀድሞ ማስታወቂያ ስንልክ በተቀዳደደ ወረቀት፣ ስሙ የማይነበብ፣ ቀበሌው ያልተጻፈ እየላክን አንባቢዎቹን እናስቸግር ነበር። ስሙ ተሳስቶ ሲነበብ ደግሞ እንቆጣለን። ከአሁን በኋላ በየመስጂዱ አንድ ሰው ይመደብ። የሟች ስም ከነአባትና ከነአያት፣ ቀበሌው፣ ጀናዛው የሚሰገድበት መስጂድና ሰዓት፣ የሚደውሉለት የቤተሰብ ስልክ በንጹህ ጽሑፍ ይጻፍ፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ጣቢያው ደጅ ይድረስ። ለአንባቢው የሚከብድ ስም ካለ ያደረሰው ልጅ ቁጭ ብሎ ያስጠናው። ክፍያ ከተጠየቀም ለድሃው ዕድራችን ይሸፍን። ይህ ሰደቃ ነው፤ የሞተን ሰው ወደ ወዳጆቹ ዱዓ የሚያደርስ ሰደቃ።

ሌላም እንዘጋጅ። ሬዲዮው ጠዋቱን እንቢ ቢል እንኳ ሟቹ አይጠብቅም። የገጠር ቀበሌዎች መስጂዶችን ስልክ ቁጥር እየሰበሰብን ነው። ኔትወርክ ያለበት አንድ ሰው ከየመስጂዱ ተመርጦ፣ ከተማ ላይ ሰው ሲሞት እንዲነገረውና እሱ ደግሞ በአዛን መናገሪያው እንዲያሰማ እንፈልጋለን። ይህ የሬዲዮውን ቦታ አይተካም። መስጂድ የሌለበት መንደር፣ ክርስቲያን ጎረቤታችንም ያለበት ሰፈር በዚህ አይደረስም። ስለዚህ አንዱን ይዘን ሌላውን አንተውም።

በመጨረሻ፣ ለጣቢያው ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ይህ ንግግር ከደረሳቸው የምንላቸው አለን። ለዓመታት ጠዋት ጠዋት ስማችንን ስታነቡ፣ ሙታናችንን ስታስቀብሩ፣ የጠፉ ልጆቻችንን ስታገናኙ ኖራችኋል። አላህ ምንዳችሁን ይክፈል። ሳናመሰግናችሁ ኖረናል፤ ዝም ያልነው ግን ስላልሰማናችሁ አልነበረም። ለቀብር እየሄድን ነበር። ያንን ሰዓት ስትመልሱልን፣ ኢንሻአላህ፣ ደውለን እናመሰግናችኋለን።

አላህ ሙታናችንን ይማር። ሕመምተኞቻችንን ያሽር። ረመዷንን በሰላም ያድርሰን። ለከተማችን ሕዝብ በሙሉ እርስ በርሱ የሚሰማማበትን ጆሮ ይስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።